አዲስ አበባ የሚቀዘቅዝ፣ መተሐራ የሚሞቅ ኤሲ

የአዲስ አበባ ነዋሪ ለመኪናው ኤሲ ብዙም አይጨነቅም። መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል። ኤሲ የሚታወሰው በዓል ደርሶ ወይም የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ተገኝቶ ወደ ቆላ ሲወረድ ነው። ያን ጊዜ ቁልፉ ይጫናል፣ ቀዝቃዛው አየር ይመጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። እስከ አዳማ መልካም ነው። ወለንጪቲ ታልፎ የፈንታሌ ተራራ በሩቁ መታየት ሲጀምር ግን አየሩ ለብ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ይሞቃል። ነፋሹ ይነፋል፣ የኤሲው መብራት በርቷል፣ ቅዝቃዜው ግን የለም። ከኋላ ወንበር ሕፃናትና አያት ተቀምጠው ከሆነ ቀሪው መንገድ ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልገኝም።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ጋራዥ ይገባል። መካኒኩ ሞተሩን ያስነሳል፣ ኤሲውን ይከፍታል፣ እጁን አየር መውጫው ላይ ያደርጋል። በረዶ! «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ምንም የለውም» ይላል። ባለመኪናው ይከራከራል፤ መካኒኩም እጁን ደግሞ ይዘረጋል። በመጨረሻ ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ይገኛል፤ «ለማንኛውም ትንሽ ጋዝ ይጨመርበት»። ገንዘቡ ይከፈላል። በሚቀጥለው ጉዞ ኤሲው እዚያው ወለንጪቲና መተሐራ መካከል ሥራውን ያቆማል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፍርድ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ ወደ ሶማሌ ተራ የሚወስድና ኪስ የሚያራቁት ፍርድ ነው።

እኔ ለዓመታት ከመኪና ሞተር ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁንም የምነዳት እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራች ኮሮላ ናት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ያለችንን አሮጌ መኪና አጥብቀን ይዘናል። ስለዚህ አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የሚያቆም ኤሲ እንዴት እንደሚመረመር ማወቅ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይመስለኝም። ጥገናውን መካኒኩ ይሥራው፤ ምልክቱን የሚያውቀው ግን ሾፌሩ ነው። ችግሩ በሚታይበት ሰዓት መኪናው ውስጥ ያለው እርሱ ብቻ ነዋ!

ከጋዙ ልጀምር። ጋዝ በቀጭን ቀዳዳ ካመለጠ ተመልሶ አይገባም። ጋዙ ያለቀበት ኤሲ ዛሬም ነገም፣ ጠዋትም ማታም አይቀዘቅዝም። ጋዙ የጎደለበት ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ይሄዳል። ቅዳሜ ከሰዓት ጨርሶ አቁሞ ቅዳሜ ማታ እንደ ልቡ የሚቀዘቅዝ ኤሲ ግን ማታ ላይ ጋዝ የሞላለት ማንም የለም። ስለዚህ ጥፋቱን በመጀመሪያ ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል። እርግጥ ጋዙ ከገደቡ ጥቂት ብቻ ሲወርድ የግፊት መቆጣጠሪያው አንዴ እየፈቀደ አንዴ እየከለከለ የሚያምታታበት ጊዜ አለ፤ እርሱን ኋላ እመለስበታለሁ። ሳይመረመር ጋዝ መጨመር ግን ራሱ በሽታ ያመጣል። አንዲት ትንሽ አውቶሞቢል የምትይዘው ከ500 እስከ 800 ግራም ገደማ ነው፤ ትክክለኛው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፏል። በእያንዳንዱ ጉዞ ማግሥት «ትንሽ» እየተባለ ሲጨመርበት ከመጠን በላይ ይሞላል። ከመጠን በላይ የተሞላ ኤሲ አዲስ አበባ ላይ በደንብ ይቀዘቅዛል፤ ቆላ ሲወርድ ግን ግፊቱ ጣራ ይነካና መቆጣጠሪያው ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል። በሽተኛው መጀመሪያ ያልነበረበትን በሽታ ከሐኪም ቤት ይዞ ወጣ ማለት ነው።

የኤሲን አሠራር በአጭሩ ላስታውስ። ኤሲ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ከመኪናው ውስጥ ሙቀት ለቅሞ ውጭ ይጥላል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቃል። የተጨመቀውና የጋለው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ውስጥ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ እርጥበት በሚመጥ ማጣሪያ አልፎ ኤክስፓንሽን ቫልቭ በምትባል ጠባብ መተላለፊያ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል፤ ያኔ ይተንና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ኢቫፖሬተር ያቀዘቅዘዋል። ነፋሹ አየሩን በዚያ ላይ እያሳለፈ ወደ ፊታችን ይልካል። የኮምፕሬሰሩን ሥራ የሚያስጀምርና የሚያቆም ማግኔቲክ ክላች ደግሞ አለ። የዛሬው ጨዋታዬ የሚያተኩረው እርሱ ላይ ነው።

አየሩ በሞቀበት ሰዓት ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ክላቹ እየዞረ ነው ወይስ ቆሟል?» የሚል ነው። መልሱ ችግሩን ለሁለት ይከፍለዋል። መኪናውን ጥላ ያለበት ቦታ ዳር አስይዘው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ኤሲውንም ሳይዘጉ ኮፈኑን ይክፈቱ። ኮምፕሬሰሩ በቺንጋ ከሚዞሩት ዕቃዎች አንዱ ነው። ፊት ለፊት ሲያዩት ቺንጋው የተጠመጠመበት የውጪው ክብ ሁልጊዜ ይዞራል፤ መሀሉ ላይ ያለችው ሳህን መሳይ ብረት ግን የምትዞረው ክላቹ ሲይዝ ብቻ ነው። መሀሏ ቆማ ዙሪያዋ የሚዞር ከሆነ ኮምፕሬሰሩ አይሠራም። ካልታየዎት ባትሪ ያብሩ፤ ወይም አንድ ሰው ከውስጥ ኤሲውን እያጠፋ ያብራ። ሲይዝ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሞተሩም ትንሽ ዝቅ ይላል። ክራቫት ያደረገ ይፍታ፤ ነጠላና ሻርፕም ከቺንጋና ከፋን ይራቅ። የራዲያተር ፋን ሳያስጠነቅቅ በራሱ ጊዜ የሚነሳ ዕቃ ነው።

ሳህኗ ቆማ ካገኟት ደስ ይበልዎት፤ አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ መንገድ ይህ ነው። የእኔን ኮሮላ ታሪክ እንደ ምሳሌ ላንሳው። አዲስ አበባ ውስጥ ምንም እንከን አልነበራትም። ቆላ ወርዳ አርባ ደቂቃ ያህል ከሠራች በኋላ ታቆማለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ትመለሳለች። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ሳይለካ ኮምፕሬሰር እንድቀይር ነገረኝ። እኔ ግን ዕቃ ከመቀየሬ በፊት መተሐራ ላይ በሞቀችበት ሰዓት ኮፈኑን ከፈትኩ። ሳህኗ ቆማለች። በቴስተር ወደ ክላቹ የሚሄደውን ሽቦ ስለካው 13 ቮልት ተኩል አለ። ኤሌክትሪኩ ደርሶለታል፣ ትዕዛዙም ደርሶታል፤ እርሱ ግን መያዝ አቅቶታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሳህኗና በሚዞረው ክብ መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። በብዙ የጃፓን መኪናዎች ላይ ልኩ ከ0.35 እስከ 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ከኋላ ያለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ማግኔት ይሆንና ሳህኗን ስቦ ያጣብቃታል። ክላቹ በያዘና በለቀቀ ቁጥር ፊቱ በጥቂቱ ይበላል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ክፍተቱ ይሰፋል። ማግኔት ደግሞ ክፍተት ሲሰፋበት ጉልበቱ ክፉኛ ይወድቃል። በዚህ ላይ ሙቀቱ ይጨመራል። መዳብ በ10 ዲግሪ ሙቀት 4 በመቶ ገደማ ኤሌክትሪክን የመከልከል ኃይሉ ይጨምራል። ጠዋት በ20 ዲግሪ የነበረው ጥቅል ከሞተሩ ሙቀት ጋር 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ የመሳብ ጉልበቱም ከዚያ በባሰ ይቀንሳል። ጠዋት ሰፊውን ክፍተት ተሻግሮ ይስብ የነበረው ማግኔት ቀትር ላይ ይሳነዋል።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንዴ የያዘ ክላች ቢሞቅም ቶሎ አይለቅም፤ ብረት ከብረት ጋር ተጣብቋልና ክፍተቱ ዜሮ ነው። ችግሩ የሚመጣው ኢቫፖሬተሩ በቂ ቀዝቅዞ መቆጣጠሪያው ኮምፕሬሰሩን ለአፍታ ሲያሳርፈው ነው። ሳህኗ ትለቃለች፤ እንደገና ና ስትባል ግን ክፍተቱን መሻገር አትችልም። ለዚህ ነው ኤሲው አንድ ቀን አርባ ደቂቃ፣ ሌላ ቀን ሰዓት ከሩብ ሠርቶ ያለ ምንም ሥርዓት የሚያቆም የሚመስለው።

ሞተሩ ጠፍቶ ክፍተቱ በስስ የብረት መለኪያ ሲለካ 0.9 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። መፍትሔው ምን ነበር? የሳህኗን መሀል ብሎን ፈትቶ ከሥሯ ካሉት ስስ ሮንዴላዎች አንዷን ማውጣት! የተገዛ ዕቃ የለም። ጋዝ አልተነካም። ኮምፕሬሰሩም እስከ ዛሬ ያው የድሮው ነው። እርግጥ ሁሉም ክላች በዚህ አይድንም። የሚወጣ ሮንዴላ የሌለው፣ ፊቱ ተበልቶ ያለቀ ወይም የመዳብ ጥቅሉ የተቃጠለ ይኖራል። የፑሊው ኩሽኔታ የጮኸም ይኖራል። እንዲያም ሆኖ ክላቹ ለብቻው ይቀየራል፤ ጋዙን አፍስሶ ኮምፕሬሰሩን በሙሉ መንቀል የግድ አይደለም። ክፍተቱን ሳይለካ «ኮምፕሬሰር ግዛ» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት አመስግነው ሌላ ቢጠይቁ ይሻላል።

ሳህኗ ቆማ ሽቦውም ኤሌክትሪክ ከሌለው ጥያቄው «ትዕዛዙን ማን ከለከለ?» ይሆናል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሪሌ ነው። ውስጡ ያለው መገናኛ ተቃጥሎ ሲቀዘቅዝ የሚነካካ፣ ሲሞቅ የሚለያይ ሪሌ በአሮጌ መኪና ላይ ብርቅ አይደለም። በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩና እግሮቹ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ሪሌ ካለ፣ ለምሳሌ የጡሩምባው፣ ሁለቱን አለዋውጦ መሞከር ነው። ኤሲው ሲመለስ ጡሩምባው እምቢ ካለ ሌባው ተያዘ። ቀጥሎ ማሳው ይታያል፤ ከሞተሩ ወይም ከቦዲው ጋር የታሰረበት ቦታ ዝጎ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው የኤሲ መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ የስታኞ ብየዳው ተሰንጥቆ በሙቀትና በንቅንቅ የሚቆራርጥበት ጊዜም አለ፤ ጥሩ የቴሌቪዥን ጠጋኝ በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ይበይደዋል።

የኤሲው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሌላ ምልክት ነው። በአንዳንድ ቶዮታዎች መቆጣጠሪያው የሞተሩንና የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት ያነጻጽራል። ኮምፕሬሰሩ ወደ ኋላ ከቀረ «ተጣብቋል» ብሎ ያጠፋዋል፤ በመብራቱም ያስታውቃል። ብዙ ጊዜ ግን የተጣበቀ ነገር የለም። ቺንጋው ላልቶ ወይም አርጅቶ ይንሸራተታል፣ አለዚያም ፍጥነቱን የምትለካዋ ሴንሰር ተበላሽታለች። ቺንጋ ከኮምፕሬሰር ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

የከተማችን ከፍታም እዚህ ጉዳይ ውስጥ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። ሚኒሞው ዝቅ ያለ መኪና ኤሲ ሲከፈትበት ይንቀጠቀጣል፤ መቆጣጠሪያውም ሞተሩ እንዳይጠፋ ኮምፕሬሰሩን ይለቀዋል። መብራት ላይ ሲቆም የሚሞቅ፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚቀዘቅዝ ኤሲ በዚህ ሊጠረጠር ይገባዋል። ፈውሱም ኤሲ ሲበራ ሚኒሞውን ከፍ የምታደርገውን ቫልቭ ማጽዳት ነው። በተቃራኒው እንጦጦን ሲወጡ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ለጥቂት ሰኮንዶች የሚጠፋ ኤሲ በብዙ መኪናዎች ላይ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ወጪ አያውጡበት።

መኪናው ሲቆም ብቻ የሚሞቅበት ዋናው ምክንያት ግን ፋን ነው። በመንገድ ላይ ኮንደንሰሩን ነፋሱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ መጨናነቅ ውስጥ ሲገቡ ሥራው ሁሉ በፋኑ ላይ ይወድቃል። የሞተሩ ካርቦን ያለቀ ፋን ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ሞቆ ይቆማል። ፋኑ ሲቆም ግፊቱ ይወጣል፤ 30 ባር ገደማ ሲደርስ የግፊት መቆጣጠሪያው ኮምፕሬሰሩን ያጠፋል። በኮንደንሰሩ ቅጠሎች መካከል የተሰገሰገ አቧራና የሞተ ነፍሳትም ያው ውጤት አለው። ቀስ ባለ ውኃ ከውስጥ ወደ ውጭ ማጠብ ይረዳል፤ የመኪና እጥበት ቤቱ ጠንካራ ፓምፕ ግን ስሶቹን ቅጠሎች አጣጥፎ ነገሩን ያብሳል። ይኸው መቆጣጠሪያ በታችኛው በኩል ደግሞ ግፊቱ ከ2 ባር ገደማ በታች ሲወርድ ኮምፕሬሰሩ ዘይት ሳያገኝ እንዳይሠራ ይከለክላል። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት እርሱን ነው፤ ጋዙ አልቆ ወደ ገደቡ ሲጠጋ እየያዘ የሚለቅ ክላች እናያለን። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያኖች ይህን መቆጣጠሪያ በሽቦ አገናኝተው «ተስተካክሏል» ብለው ይሸኛሉ። ለምርመራ ለደቂቃ ማገናኘት አንድ ነገር ነው፤ በዚያ አስሮ ማሰናበት ግን የኮምፕሬሰሩን ሞት መፍረድ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ እንሻገር። ሳህኗ እየዞረች አየሩ ከሞቀስ? እጅዎን አየር መውጫው ላይ ያድርጉና የነፋሱን ብርታት ያስተውሉ። ነፋሹ ተራ ቁጥር አራት ላይ ሆኖ የሚመጣው አየር እየሳሳ ከሄደ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቷል ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ደህና፣ ረዥም መንገድ ላይ የሚያስቸግር ኤሲ ጠባይ ይህ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ኤሲውን አጥፍተው ነፋሹን ብቻ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይተዉት። ከመኪናው ሥር ውኃ በብዛት ከፈሰሰና ከዚያ በኋላ ቅዝቃዜው ከተመለሰ ጉዳዩ ተረጋገጠ። መንስኤው የኢቫፖሬተሩን ቅዝቃዜ የምትለካዋ ትንሽ ሴንሰር መበላሸት ወይም ከቦታዋ መውጣት ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም አየሩ የሚያልፍበት መንገድ ተዘግቷል። ብዙ አሮጌ መኪናዎች የውስጥ አየር ማጣሪያ የላቸውም። የሃያ ዓመት አቧራ፣ የዛፍ ቅጠልና የምንጣፍ ብናኝ ኢቫፖሬተሩ ላይ ተለስኖ ሲወጣ አይቼ ፍራሽ መስሎኛል።

የነፋሱ ብርታት ሳይቀንስ ቅዝቃዜው ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ እርጥበትን እጠረጥራለሁ። ኤሲው አንዴ ተከፍቶ በአግባቡ ሳይደርቅ የተዘጋ ከሆነ በውስጡ የቀረችው ጠብታ ውኃ ኤክስፓንሽን ቫልቯ ላይ በረዶ ትሆንና ቀዳዳውን ትደፍናለች። ጋዙ አያልፍም። ሲጠፋ በረዶው ይቀልጣል፤ ሩብ ሰዓት ቆይተው ሲያበሩት ይሠራል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይደፈናል። በዚህ ሰዓት ሰማያዊው ጌጅ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ፈውሱ እርጥበት መጣጩን ማጣሪያ ቀይሮ፣ በደንብ በሚሠራ ቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አየሩን ስቦ፣ ጌጁ ባለበት መቆየቱን አይቶ መሙላት ነው። ከዚህ ሌላ የሙቀት ማስተካከያው ገመድ ላልቶ የሞተሩ ሙቅ ውኃ ወደ ውስጥ ማሞቂያው የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ ቀዝቃዛ አየር ተሠርቶ መንገድ ላይ መልሶ ይሞቃል።

ስለ ጌጅ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። መጻሕፍቱና ሠንጠረዦቹ ደግሞ ለባሕር ወለል የተጻፉ ናቸው። በዚህ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ጌጁ መጽሐፉ ከሚለው ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ብሎ ያነባል። በቀዩ ጌጅ ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ በ30 አካባቢ በሚያነበው በሰማያዊው ላይ ግን ከአሥር አንድ እጅ በላይ ነው። ቫኪዩም ሲሳብም እንዲሁ፤ መጽሐፉ 29 ኢንች ይላል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ፓምፑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጌጁ ከ23 ኢንች አያልፍም። 22 ላይ ቆሞ የቀረ ጌጅ ያየ ባለመኪና «ይፈስሳል» ብሎ አይደንግጥ። «29 አድርሼልሃለሁ» የሚለውን ግን ጌጁን አሳየኝ ይበለው። ቆሞ ባለ መኪና ላይ ጌጅ ብቻ አይቶ «ጋዝ ጎድሏል» ማለትም አያስኬድም። በውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ የቆመ ኤሲ ግፊት የሚወሰነው በሙቀቱ እንጂ በጋዙ ብዛት አይደለም፤ የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ግማሽም ሆነ ሩብ ሲሆን ግፊቱ እንደማይለወጠው ሁሉ። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ያለውን በማሽን አውጥቶ በሚዛን እየለኩ በግራም መሙላት ነው።

እንግዲህ ዋናው ጣጣ አልተፈታም፤ በሽታው ቆላ፣ ሐኪሙ ደጋ። 20 ዲግሪ ላይ ያለ ጋራዥ ውስጥ ችግሩ አይታይም። እኔ የማደርገው ቆላውን ወደ ጋራዡ ማምጣት ነው። መኪናውን ከቀትር በኋላ ፀሐይ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ማቆም። ኮፈኑን መዝጋት፣ በሮቹን ሁሉ መክፈት፣ ነፋሹን መጨረሻ ላይ ማድረግ፣ ሞተሩን 1500 ዙር አካባቢ ይዞ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ። የሞተሩን ሙቀት መለኪያ ከዓይን ማራቅ አይገባም፤ ወደ ቀይ ካመራ ሙከራው ይቁም። አየር መውጫው ላይ ተራ ቴርሞሜትር ይሰካል። ክላቹ የላላ ወይም ሪሌው የተቃጠለ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚሁ ይጋለጣል፤ መካኒኩም በዓይኑ ያየዋል። የኢቫፖሬተር በረዶ ግን በዚህ አይመጣም፤ እርሱ በር ተዘግቶ ረዥም መንገድ መነዳትን ይፈልጋል።

ወደ ጋራዥ ሲሄዱም «ጋዝ ሙላልኝ» ከማለት ይልቅ የተጻፈ ነገር ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው። ከስንት ደቂቃ በኋላ አቆመ? መኪናው ቆሞ ነበር ወይስ እየሄደ? ሳህኗ ትዞር ነበር? ነፋሱ ሳስቷል? መብራቱ ብልጭ ድርግም ብሏል? ስንት ደቂቃ አርፎ ተመለሰ? እነዚህን ስድስት ነገሮች የያዘች ብጣሽ ወረቀት ግማሹን ምርመራ ትጨርሳለች። ጎበዝ መካኒክ ወረቀቷን ሲያይ ፊቱ ይበራል፤ ያልጎበዘው ይበሳጫል።

ጋዙ በእርግጥ ጎድሎ ከተገኘ ደግሞ የሄደበት ሳይታወቅ መሞላት የለበትም። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ በመጋጠሚያዎች ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ይታያል፤ የሳሙና አረፋና በልዩ መብራት የሚታይ ቀለምም ይረዳሉ። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠውን ፈሳሽ አልመክርም፤ ኤክስፓንሽን ቫልቯንም አብሮ ሊደፍን ይችላል። የጋዙ ዓይነትም ይጠየቅ። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፊት የተሠሩት፣ እንደ ዲኤክስ ያሉት፣ የተሠሩት ለአር12 ነው፤ ይህ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። ከዚያ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ የሚጠቀሙት አር134ኤ ነው። ዘይታቸውም የተለያየ ስለሆነ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ኮምፕሬሰሩን ያለ ዘይት ያስቀረዋል። አር134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1000 እጥፍ በላይ ምድርን የማሞቅ አቅም አለው፤ ስለዚህ ወደ ሰማይ እያፈሰሱ መሙላት ለኪስም ለአየሩም ኪሳራ ነው። ቱቦውን ራስዎ ለመፍታትም አይሞክሩ፤ የሚወጣው ፈሳሽ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ስለሆነ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ የተለየ ጠላት አለን፤ አለመጠቀም። ከፋሲካ እስከ ገና ሳይነካ የሚቀመጥ ኤሲ በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ላይ ያለው ጎማ ዘይት ሳያገኝ ይደርቅና ጋዙን ቀስ በቀስ ያስወጣል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ብርድ ቢሆንም፣ ለአሥር ደቂቃ ማብራት ይበቃል። ሙቀት መክፈት ይቻላል፣ ኮምፕሬሰሩ ግን ይዙር። በክረምት ደግሞ የመስታወቱን ጉም ቶሎ ስለሚያነሳ ጥቅሙ ሁለት ነው። ከመድረስዎ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብለው ኤሲውን አጥፍተው ነፋሹን ብቻ ቢተዉት ኢቫፖሬተሩ ይደርቃል፤ ያ መኪና ሲነሳ የሚመጣው የሻገተ ሽታም ይቀንሳል።